ከመኪና ውድድር ትራክ ጀርባ ያለው ቴክኖሎጂ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ውድድር የሚያይ ሰው ዓይኑ መኪናው ላይ ነው። ልክ ነው፣ የመጣውም ለዛ ነው። እዚህ ያሉት ጥያቄዎች ግን መኪናው ስለሚሮጥበት ቦታ ናቸው። ሰዓቱን ማን ይይዛል? መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል? ያንን ሁሉ ካሜራ ማን ነው ቁጭ ብሎ የሚያየው? ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ትራክ ላይ መሥራት የሚፈልጉ ልጆች ናቸው፤ አነስተኛ ትራክ የሚያስተዳድሩ ሰዎችም አሉበት።

የትራክ ቴክኖሎጂ ሲባል በትክክል ምኑ ነው?

መኪናው ውስጥ ያለውን እርሱት፤ እሱ የቡድኖቹ ጉዳይ ነው። ከመኪናው ውጪ ያለው ሁሉ ግን የትራኩ ነው። የሰዓት መያዣው፣ በዙሪያው የተተከሉት ካሜራዎች፣ ለሾፌሮቹ ምልክት የሚያበሩት የመብራት ፓነሎች፣ ሬዲዮው፣ መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፈው የፋይበር ገመድ፣ ኤሌክትሪኩ፣ የአየር ሁኔታ መለኪያው፣ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ስክሪኖች። ሁሉም የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ያስላል።

እኔ አንድን ሲስተም ጥሩ ነው ወይም አይረባም የምለው ሲበላሽ የሚሆነውን አይቼ ነው። ደህና ሲሆን ሁሉም ያምራል። ጥያቄው በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪና እየመጣ ሳለ ድርግም ቢል ማርሻሉ፣ ማለትም ትራኩ ዳር ቆሞ ለሾፌሮቹ ምልክት የሚሰጠው ሰው፣ በእጁ የሚይዘው ነገር አለው ወይ ነው። ከታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው እዚህ ላይ ይመጣሉ።

ሰዓቱ እንዴት ነው የሚያዘው?

እያንዳንዱ መኪና ላይ ትራንስፖንደር የሚባል ትንሽ ዕቃ ይታሰራል። የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ያንን ቁጥር ሳያቋርጥ በሬዲዮ ሞገድ ይልካል። መድረሻው መስመር ላይ ደግሞ አስፋልቱ በቀጭኑ ይቆረጥና ሽቦ ይቀበርበታል። ይሄ ሽቦ ሉፕ ይባላል። መኪናው በላዩ ሲያልፍ ሉፑ ምልክቱን ይቀበላል፤ ዳር ላይ ያለው ዲኮደር ምልክቱ እየጠነከረ መጥቶ ተመልሶ የሚወርድበትን ነጥብ አስልቶ የትኛው መኪና ስንት ሰዓት ላይ እንዳለፈ ይመዘግባል።

በ300 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 83 ሜትር ይጓዛል። በሰከንድ አንድ ሺኛ ደግሞ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል። ስለዚህ ትራንስፖንደሩ መኪናው ላይ የት ጋ እንደታሰረ ራሱ ልዩነት ያመጣል፤ አንዱ አፍንጫው ላይ፣ ሌላው ከወንበሩ ጀርባ ቢያስረው ሁለቱ የሚወዳደሩት በተለያየ መስመር ነው ማለት ነው። የሚታሰርበት ቦታ በደንብ የሚወሰነው ለዚህ ነው። ከሥሩ ብረት ወይም ካርቦን ካለ ምልክቱን ስለሚጋርደው ወደ አስፋልቱ ክፍት ሆኖ ማየት አለበት።

ሉፕ ያለው መድረሻው ላይ ብቻ አይደለም። ትራኩ በክፍል በክፍል ተከፍሎ በየክፍሉ መጨረሻ አለ፣ መኪኖቹ ጎማ ለመቀየር የሚገቡበት ቦታ፣ የፒቱ፣ መግቢያና መውጫ ላይም አለ። ቴሌቪዥን ላይ የምታዩት ወይን ጠጅ (ከሁሉም የፈጠነ ሰዓት) እና አረንጓዴ (ሾፌሩ ራሱ ካስመዘገበው የተሻለ ሰዓት) ቀለም ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ሁለት ሰዎች እኩል ሰዓት ቢያስመዘግቡስ?

ቀድሞ ያስመዘገበው ይቀድማል። በጣም የታወቀው በ1997 ስፔን ሄሬዝ ላይ የሆነው ነው። በማጣሪያው ዣክ ቪልኔቭ፣ ሚካኤል ሹማኸርና ሃይንስ ሃራልድ ፍሬንትሰን ሦስቱም 1:21.072 አስመዘገቡ። አንድ ሺኛ እንኳን ልዩነት የለም። ቪልኔቭ ቀድሞ ስለነበር አንደኛ ሆኖ ተሰለፈ። ፎርሙላ ዋን እስከ ሺኛ ነው የሚቆጥረው፤ የአሜሪካው ኢንዲካር እስከ አሥር ሺኛ ይወርዳል።

ትራንስፖንደሩ መሃል ላይ ሥራ ቢያቆም መኪናው ከውጤት ይወጣል?

አይወጣም፣ ሥራው በአግባቡ ከተሠራ። መስመሩ ላይ ካሜራ አለ፣ ብዙ ቦታ ላይ በብርሃን ጨረር የሚሠራ ሌላ መለኪያም ይቀመጣል። ደንበኛ የሰዓት ክፍል ውስጥ ደግሞ መኪኖቹ ባለፉ ቁጥር ቁጥራቸውን በቅደም ተከተል የሚጽፍ ሰው አለ። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ ይገርመዋል፣ በዚህ ዘመን ወረቀትና እስክሪብቶ ምን ይሠራል ይላል። አንድ መኪና ከስክሪኑ ላይ የጠፋ ዕለት ግን ሁሉም ዞሮ የሚያየው ያንን ወረቀት ነው።

ትራንስፖንደር ሁሉን አያይም ደግሞ። በ2024 ጅዳ ላይ የሾፌሩ የላንዶ ኖሪስ መኪና የመነሻው መብራት ሳይጠፋ ትንሽ ስትንቀሳቀስ በቪዲዮ ታይታ ነበር። ትራንስፖንደሩ ግን ያለጊዜው ተነስቷል አላለም፤ ደንቡ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ የሚያየው ትራንስፖንደሩን ስለነበር ዳኞቹ ሳይቀጡት ቀሩ። እንዲህ ሲሆን ጥፋቱን መሣሪያው ላይ መጣል ቀላል ነው። በእኔ እይታ ግን ነገሩ የደንብ ነው፤ አንድን ውሳኔ ለአንድ መሣሪያ ብቻ ስትሰጡት መሣሪያው ካላየው ማንም አላየውም ማለት ነው።

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ማን ምን ይሠራል?

የውድድሩ ዳይሬክተር ይወስናል። ከጎኑ ማርሻሎቹን በሬዲዮ የሚያነጋግር ሰው አለ፣ ካሜራዎቹን የሚያዞሩ አሉ፣ የሕክምናው ኃላፊ አለ፣ የተባለውንና የሆነውን ከነሰዓቱ የሚመዘግብ ሰው አለ። ቅጣት የሚወስኑት ዳኞች ሌላ ክፍል ውስጥ ናቸው። የቴክኒክ ሰው ዳር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ቀኑ ሰላም ከሆነ ማንም አያናግረውም።

እዚህ ክፍል ውስጥ በጣም የሚናቀው ነገር ሰዓት ማስተካከል ነው። የካሜራው ሰዓት፣ የሬዲዮ ቅጂው ሰዓትና የውድድሩ ሰዓት አንድ መሆን አለባቸው። አደጋ ደርሶ "የማስጠንቀቂያው ቢጫ መብራት መቼ በራ? ሾፌሩ መቼ አለፈ?" ሲባል ሦስቱ በሁለት ሰከንድ ከተለያዩ መልስ የለም። ሁሉንም ከአንድ የጂፒኤስ ሰዓት ጋር ማያያዝ ነው መፍትሔው። ርካሽ ነው፤ ታዲያ ስንቱ ትራክ ሳያደርገው ይቀራል።

ካሜራ ቢጠፋ ውድድር ይቆማል?

አዎ፣ ሊቆም ይችላል። በ2023 ሞንትሪያል ላይ የሆነውን ላንሳ። የመጀመሪያው ልምምድ ከተጀመረ ጥቂት ደቂቃ አልሞላም። አንድ መኪና ቆመና ሁሉም እንዲቆም ቀይ ባንዲራ ተውለበለበ። ከዛ ሲታይ በትራኩ ዙሪያ ያሉት ካሜራዎች በትክክል እየሠሩ አይደለም። መኪናው ተነስቶ ትራኩ ነፃ ሆኗል፣ ሾፌሮቹ ዝግጁ ናቸው፣ ሕዝቡ ተቀምጧል፤ ልምምዱ ግን ሳይቀጥል ቀረ። ሁለተኛው ልምምድ ወደ 90 ደቂቃ ረዝሞ ተካካሰ።

ብዙ ሰው ተናዶ ነበር። እኔ ውሳኔው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ዳይሬክተሩ የሚያየው በካሜራ ነው። ኩርባ ጀርባ መኪና ቆሞ ማርሻል አስፋልቱ ላይ ቢወጣ ማወቅ አለበት። ማርሻሎቹ በሬዲዮ ይነግሩታል፣ እውነት ነው፤ ግን ሃያ መኪና በዛ ፍጥነት ሲሮጥ አምስት ሰከንድ ዘግይቶ መስማት ብዙ ነው።

ለእኛ ሥራ ትምህርቱ ቀላል ነው። ካሜራዎቹን ሁሉ በአንድ ሰርቨር፣ በአንድ መስመር፣ በአንድ የኤሌክትሪክ ምንጭ አታስሯቸው። አንድ ካሜራ ቢጠፋ የጎረቤቱ ያንን ቦታ ቢያንስ በከፊል እንዲያየው አድርጋችሁ ትከሉ።

የመብራት ፓነል እያለ ማርሻል ባንዲራ ይዞ የሚቆመው ለምንድን ነው?

ፓነሉ ጥሩ ነገር ነው። በዝናብና በማታ ከባንዲራ ይበልጥ ይታያል፣ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉም ሆነ ከማርሻሉ ቦታ በአንድ ቁልፍ ይበራል። ሰውን ግን አይተካም፤ ለምን እንደሆነ ሁለት ውድድሮች በደንብ ያሳያሉ።

በ2018 ካናዳ ላይ የመጨረሻው ባለ ዳማ ባንዲራ አንድ ዙር ቀድሞ ተውለበለበ። ባንዲራውን የያዘችው እንግዳ ነበረች፣ አውለብልቢ የተባለችው ደግሞ በግንኙነት ስህተት ነው። ውድድሩ 70 ዙር ነበር፤ ውጤቱ ባንዲራው ከመውለብለቡ በፊት ባለቀው በ68ኛው ዙር ላይ በነበረው ተያዘ። ከዛ በኋላ የእጅ ሥራ ያሳስታል ተባለና በሚቀጥለው ዓመት ዋናው ምልክት የመብራት ፓነሉ እንዲሆን ተደረገ።

በ2019 ጃፓን ሱዙካ ላይስ? ፓነሉ ራሱ አንድ ዙር ቀድሞ በራ! 53 ዙር ሊሆን የነበረው ውድድር በ52 ተዘጋ። ሰርጂዮ ፔሬዝ በመጨረሻው ዙር ላይ ተጋጭቶ ወጥቶ ነበር፤ ያ ዙር ስላልተቆጠረ ነጥቡን ይዞ ቀረ። በ2020 ወደ ባንዲራው ተመለሱ።

እኔ ከዚህ የምወስደው ባንዲራ ይሻላል የሚለውን አይደለም። ሁለቱም ጊዜ የጠፋው አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ዙሩን ቆጥሮ "አሁን ነው" ብሎ የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ሰው። ስለዚህ ፓነል ስትገዙ ቀይና ባለ ዳማው ምልክት በስህተት እንዳይነካ ምን መከላከያ እንዳለው ጠይቁ። ማርሻሉም ባንዲራውን ይዞ ይቁም፤ ፓነሉ ቢጠፋ በሰከንድ ውስጥ ይተካዋል።

የማርሻል ቦታዎች ምን ያህል ይራራቃሉ?

በዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ በኤፍአይኤ ደንብ፣ ከ500 ሜትር መብለጥ የለበትም። እያንዳንዱ ቦታ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ማየት መቻል አለበት። ኩርባ የበዛበት ቦታ ላይ በጣም ይቀራረባሉ።

መብራት ቢጠፋስ?

ጄኔሬተር አለን ብሎ መተኛት የለም። ጄኔሬተር ተነስቶ ጭነት እስኪቀበል ጥቂት ሰከንዶች ያስፈልጉታል፤ በዛች ጊዜ ውስጥ ሰርቨር ይጠፋል፣ የኔትወርክ ስዊች (ገመዶቹን የሚያገናኘው ሳጥን) እንደገና ይነሳል፣ ስዊቹ ተነስቶ ሁሉም ነገር እስኪመለስ ደግሞ ደቂቃዎች ይሄዳሉ። ክፍተቱን የሚሞላው ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ወዲያው በባትሪ የሚተካው መሣሪያ ነው። መቆጣጠሪያ ክፍሉ፣ የሰዓት ክፍሉ፣ የሬዲዮ ማሰራጫውና በየቦታው ያሉት ስዊቾች ሁሉም ከዩፒኤስ ጀርባ መሆን አለባቸው።

ሁለት ነገር ሁሌም ይረሳል። አንደኛው የዩፒኤስ ባትሪ ያረጃል፤ መሣሪያው አረንጓዴ እያበራ ባትሪው የሞተ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሰው በዩፒኤሱ ሶኬት ላይ የቡና ማሽን ይሰካል። እውነቴን ነው፣ ዙሩና እዩ።

መሞከሪያው አንድ ነው። ውድድር በሌለበት ቀን ዋናውን ማብሪያ አጥፉት። ወረቀት ላይ አይደለም፣ በእጃችሁ አጥፉት። ምን እንደጠፋ፣ ምን እንደቀረ፣ ለመመለስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፉ።

ዋይፋይ አይበቃም? ፋይበር ለምን?

ሐሙስ ዕለት ትራኩ ባዶ ሳለ ዋይፋዩ ድንቅ ነው። እሁድ ሕዝቡ ስልኩን ይዞ ሲገባ አየሩ ይጨናነቃል፣ ሐሙስ የሠራው ይሞታል። ለደህንነት የሚያገለግል ማንኛውም ነገር በሽቦ ይሂድ።

የመዳብ ኔትወርክ ገመድ ደግሞ በ100 ሜትር ይገደባል። የቤልጂየሙ ስፓ ፍራንኮርሻም ትራክ 7.004 ኪሎ ሜትር ነው፣ የፈረንሳዩ ለማን ትራክ 13.626 ኪሎ ሜትር። ፋይበር ርቀቱን ይችላል፣ መብረቅም አያስተላልፍም። አዘረጋጉ ቀለበት ይሁን፤ ትራኩን ዞሮ ወደ ተነሳበት ይመለስ። አንድ ቦታ ላይ ቆፋሪ ቢቆርጠው መረጃው በሌላኛው በኩል ዞሮ ይደርሳል። ብቻ ተጠንቀቁ፤ መሄጃውንና መመለሻውን በአንድ ቦይ ውስጥ ቀብረው ቀለበት ነው የሚሉ አሉ። አንድ አካፋ ሁለቱንም ይቆርጣል።

ስለ ሬዲዮስ?

ዲጂታል ይሁን፣ የሚቀዳ ይሁን፣ የሕክምናው መስመር ለብቻው ይሁን። የቴሌቪዥን ሰዎችና ቡድኖች የሚጠቀሙበትን ሞገድ አስቀድማችሁ ከፋፍሉ። ድምፁን ሞተር እየጮኸ ሞክሩት እንጂ ጸጥ ባለ ቀን አይደለም።

ከትራክ ወሰን መውጣትን ኮምፒውተር ሊቆጣጠር አይችልም?

እየቻለ ነው። በ2023 ኦስትሪያ ላይ ከ1,200 በላይ የወሰን ጥሰት ሊሆኑ የሚችሉ ክስተቶች ተመዘገቡ፤ በውድድሩ ጊዜ ሰው ሁሉንም በዓይኑ አይቶ መጨረስ አልቻለም፣ ውጤቱም ከሰዓታት በኋላ ተቀየረ። በዚያው ዓመት አቡ ዳቢ ላይ ምስሉን በኮምፒውተር የሚያጣራ ሲስተም ተሞከረ። ሥራው ግልጽ የሆኑትን ማስወገድ ነው፤ አጠራጣሪው ብቻ ለሰው ይቀርባል።

እኔን ደስ ያለኝ ግን በ2024 ኦስትሪያ ላይ የተደረገው ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ኩርባዎች ጠርዝ ላይ ጠጠር አስገቡ። ሾፌሩ ከወጣ ጠጠሩ ጊዜውን ይበላዋል፤ ክርክር የለም፣ ካሜራ መፈተሽ የለም። የቴክኖሎጂ ሰው ነኝ፤ ጠጠር በሚፈታው ነገር ላይ ግን ሶፍትዌር አልገዛም።

ይሄን ሁሉ ከሩቅ ሆኖ መሥራት አይቻልም?

የተወሰነውን ይቻላል። ፎርሙላ ዋን ከ2020 ጀምሮ ብዙውን የቴሌቪዥን ሥራ እንግሊዝ ውስጥ ቢጊን ሂል ላይ ካለው ማዕከሉ ይሠራል። ኤፍአይኤም ከ2022 ጀምሮ ጄኔቫ ላይ የውድድሩን ዳይሬክተር ከሩቅ የሚያግዝ ክፍል አለው። በፋይበር ውስጥ መረጃ 1,000 ኪሎ ሜትርን በ5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ያልፋል፤ ቪዲዮ ለማየት ይህ ምንም አይደለም። ቀይ ባንዲራን ግን ከሌላ አገር በተዘረጋ መስመር ላይ አላስርም። መስመሩ ቢቆረጥ ትራኩ ብቻውን ማቆም መቻል አለበት።

አየሩ ከቴክኖሎጂ ጋር ምን አገናኘው?

ስፓ ላይ አንዱ ጫፍ ሲዘንብ ሌላኛው ደረቅ ሊሆን ይችላል። አንድ መለኪያ ስለዚህ አይበቃም፣ ራዳርም ያስፈልጋል። ደመናው ደግሞ ሄሊኮፕተሩንም ይነካል። በ2020 ኑርበርግሪንግ ላይ ዓርብ ዕለት ሁለቱም ልምምዶች ተሰረዙ፤ አስፋልቱ ላይ ችግር አልነበረም፣ ጭጋጉ የሕክምናውን ሄሊኮፕተር መብረር ከለከለው። የጭጋግና የደመና ከፍታ መረጃ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ላይ መኖር ያለበት ለዚህ ነው።

የጉድጓድ ክዳን መፈተሽም የናንተ ሥራ ነው?

የሁሉም ሥራ ነው። የውድድር መኪና መሬቱን ወደ ላይ ይመጠዋል፣ ያልታሰረ ክዳን ይነሳል። በ2019 ባኩ ላይ የጆርጅ ራስልን መኪና ሰበረ። በ2023 ላስ ቬጋስ ላይ የካርሎስ ሳይንዝን ፌራሪ ከሥሩ ቀደደው፣ ልምምዱም ከስምንት ደቂቃ በኋላ ቆመ። የከተማ መንገድ ላይ ከሆነ እያንዳንዱ ክዳን ቁጥር ይሰጠው፣ ፎቶ ይነሳ፣ የበየደው ሰው ይፈርምበት። ሉፑንም ስትቀብሩ እንዲሁ፤ በደንብ ካልተደፈነ ጎማ ይነቅለዋል።

ውድድር ቀን ጠዋት መጀመሪያ ምን ታያላችሁ?

እኔ መጀመሪያ የምሄደው ሉፑ ጋ ነው። ሌሊት ዘንቦ ከነበረ አስፋልቱ የተቆረጠበት መስመር ላይ ጎንበስ ብዬ መድፈኛው የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ አያለሁ። ውሃ ከገባ ዲኮደሩ ላይ የሚታየው የምልክት ረብሻ መጠን ከፍ ይላል። አንድ ሰው መሞከሪያ ትራንስፖንደር በእጁ ይዞ ዝቅ አድርጎ በመስመሩ ላይ ይሻገራል፤ በግራ ዳር፣ በመሃል፣ በቀኝ ዳር። ሌላው ስክሪኑ ላይ የምልክቱን ጥንካሬ ያነብለታል። አንዱ ዳር ላይ ደከም ካለ መኪኖች ሳይመጡ ነው የሚታወቀው። ከዛ ሬዲዮ በየማርሻል ቦታው ይጠራል፤ ፓነሎቹ ሁሉንም ቀለም ያበራሉ፣ ማርሻሉ በዓይኑ አይቶ "ቢጫ አያለሁ" ይላል። ሶፍትዌሩ በርቷል ማለቱ አይበቃንም።

ትንሽ ትራክ አለን፣ ገንዘብ የለም። ከምን እንጀምር?

ከሬዲዮና ከባንዲራ። ከዛ ሕክምና። ከዛ በሚከራዩ ትራንስፖንደሮች የሰዓት ሲስተም። ከዛ የማይታዩ ኩርባዎች ላይ ጥቂት ካሜራ። ፓነል በስተመጨረሻ። ብዙዎች ትልቁን ስክሪን ነው መጀመሪያ የሚገዙት፤ ተመልካች ይስባል ይላሉ። ይስባል። ግን ማርሻሉ ጥሩ ሬዲዮ ሳይኖረው ስክሪን መስቀል አይዋጥልኝም። አስፋልት በምታነጥፉበት ጊዜ ግን ባዶ ቱቦ ቅበሩ፣ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ። በኋላ መቆፈር ነው ውዱ።

እዚህ ሥራ ውስጥ እንዴት ይገባል?

ማርሻል ሁኑ። ብዙ ቦታ በፈቃደኝነት ነው የሚሠራው፣ ሥልጠና ይሰጣል። ኔትወርክ፣ ኤሌክትሪክ ወይም ሬዲዮ የምታውቁ ከሆነ እሱ ይጠቅማችኋል፤ ግን ባንዲራ ይዞ ዝናብ ላይ የቆመ ሰው ፓነሉ የት ቢተከል እንደሚሻል ከማንም በላይ ያውቃል። ከማርሻልነት ወደ ሰዓት ክፍል፣ ከሰዓት ክፍል ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል የሄዱ ብዙ አሉ። ለሥራ ስታመለክቱም የሠራችሁትን ብቻ አትዘርዝሩ፤ የተበላሸ ነገር ውድድሩ ሳይቆም እንዴት እንዳስተካከላችሁ ጻፉ። ቀጣሪው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።